ኮርኒስ ውስጥ የገባው ሸለምጥማጥ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ። ቆጪ ሰፈር የተከራየሽው ቤት ኮርኒስ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሚሮጥ ነገር አለ፣ ሁለት ዶሮ ጠፍቶብሻል፣ ጎረቤት ደግሞ «እንቁላል ውስጥ የአይጥ መርዝ ጨምረሽ አስቀምጪለት» ብሎሻል። መርዙን ተይው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ እኔም እዚሁ ጅማ ከዚህ እንስሳ ጋር አንድ ክረምት ሙሉ ስታገል ከርሜያለሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሆነ እወቂ። አይጥ ይቧጭራል፣ ይቆረጥማል፣ ሌሊቱን ሙሉ አያርፍም። ሸለምጥማጥ ግን ኮቴው ድመት የሚሄድ ይመስላል፤ ቀን ተኝቶ ይውልና ሲመሽ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይመለሳል። ይገባበታል ብለሽ የጠረጠርሽው ቀዳዳ ላይ ማታ አመድ ነስንሺና ጠዋት ዱካውን እዪ። «ጥርኝ ነው» የሚሉሽም አይጠፉም። ጥርኝ ግን ገዘፍ ያለ፣ ምድር ለምድር የሚሄድ ነው፤ ጣራ መውጣት ልማዱ አይደለም። ያለበትን የምታውቂው አንድ ቦታ እየተመላለሰ በሚጥለው ዓይነ ምድር ነው፤ በቡና ሰሞን የቡና ፍሬ ሞልቶት ታገኚዋለሽ። ዝባዱን ከእሱ እያወጡ በበሬ ቀንድ አሽገው ለሽቶ የሚሸጡት የእኛው አካባቢ ሰዎች ናቸው፤ ወሬ አበዛሁ።

የእኛ ቤት የጭቃ ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ የተወጠረ ማዳበሪያ። አቮካዶው ቅርንጫፉን ጣራው ላይ አስተኝቶ ነበር፤ ለሸለምጥማጧ መንገድ ማለት ነው። አንድ ማታ ስትወጣ ጠብቄ ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበትን ክፍተት በቆርቆሮ ቁራጭ ደፈንኩ። ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። እኩለ ሌሊት ላይ ከራሳችን በላይ የድመት ግልገል የሚመስል ሲጥሲጥታ ተነሳ፤ ከውጭ ደግሞ ቆርቆሮው ይቧጠጣል። ባለቤቴ «ሰውዬ፣ ልጆች አሏት!» አለችኝ። በዝናብ መሰላል ላይ ወጥቼ የመታሁትን ሚስማር ስነቅል ባትሪው ዓይኗ ላይ አረፈ። ቅርንጫፉ ላይ ተጋድማ ታየኛለች፤ ጎኗ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ጭራዋ ቀለበት በቀለበት። ገለል ስልላት ጭንቅላቷን አሾለከች፣ ቀሪው ሰውነቷ እንደ ገመድ ተስቦ ገባ። ጭንቅላቷ ካለፈ ሁሉ ነገሯ ያልፋል፤ ቀዳዳ ስትደፍኚ ይህን አትርሺ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ቀላል ነው። ኮርኒሱ ሥር አምፖል አብርቼ አሳደርኩ፣ ሬዲዮም ከፍቼ ተውኩ። ብርሃንና የሰው ድምፅ ያለበት ቦታ ልጅ ማሳደግ አትወድም። በሦስተኛው ሌሊት አንዱን ልጅ ማጅራቱን ነክሳ በአቮካዶው ስትወርድ በመስኮት አየናት። እኔ ግን አልቸኮልኩም፤ ለተከታታይ ሦስት ሌሊት አመዱ ላይ ዱካ እስኪጠፋና ድምፅ እስኪቆም ጠብቄ ነው በሽቦ ወንፊት የደፈንኩት፤ ቅርንጫፉንም ከጣራው ሁለት ሜትር ያህል አራቅኩት። በርበሬ አጭሺ የሚልሽን አትስሚ፤ ማዳበሪያ ኮርኒስ ሥር እሳት ማንደድ ቤቱን ከነጓዙ ማጋየት ነው።

ዶሮዎቹን በተመለከተ ጥፋቱ የእኛ ነው። የእኛዎቹ ቡናው ላይ ነበር የሚያድሩት። አሁን ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ ቤት አሠርቼላቸው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋባቸዋል። ዓይኑ ሰፊ የሆነ ሽቦ አትግዢ፤ እጇን አሾልካ የተጠጋውን ዶሮ ትይዛለች።

ወደ መርዙ ልመለስ። ከዓመታት በፊት አንድ ጎረቤት ለጅብ ብሎ አጥር ሥር ሥጋ ላይ መርዝ አደረገ። ጅቡ አልመጣም፣ የእኛ ውሻ ግን ጠዋት አረፋ ደፍቆ ተገኘ። ያንቺ እንቁላል ደግሞ ሕፃን እጅ ሊገባ ይችላል። ሸለምጥማጧ በላችው እንበል፤ ኮርኒስ ውስጥ ሞታ ስትሸት ማን ሊያወጣት ነው? ደግሞም ዋና ምግቧ አይጥ ነው፤ የእኛዋ ከሄደች ወዲህ አይጡ በዝቶብን ድመት አምጥተናል። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ መሆኑን ለዚያ ጎረቤትሽ ንገሪው።

ስለ ጦጣም ጠይቀሻል። ማብላት ይቁም፣ የወጥ ቤት መስኮት ይዘጋ፣ ፍርፋሪና የሙዝ ልጣጭ ደጅ አይጣል። ሙዝ ከእጅሽ የበላች ጦጣ ነገ ከልጅሽ እጅ ትነጥቃለች። ፊት ለፊት ዓይን ዓይኗን አትዪ፣ ልጅ ካዘለች ጭራሽ አትጠጊ። ጉሬዛ ግን ዛፍ ላይ ሆኖ ቅጠሉን ይብላበት፤ ለቤትሽ ስጋት አይሆንም።

አንድ ነገር አደራ። የትኛውም አውሬ፣ ውሻም ሆነ ድመት፣ ቢነክስሽ ወይም ቢቧጭርሽ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂ። ጤነኛ ይመስል ነበር ብለሽ አትዘናጊ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል፣ ክትባቱ ግን ቀድሞ ከተጀመረ ያድናል። ስለዚህ ሸለምጥማጧን በጆንያ እይዛለሁ እንዳትዪ፤ ጥርሷ መርፌ ነው። እባብ ከሆነ ደግሞ አትብጪ፣ አትምጠጪ፣ በገመድም አትሰሪ፤ የተነደፈውን እግር ሳታንቀሳቅሺ መኪና አስጠሪ።

አከራይሽን አስፈቅደሽ መጀመሪያ ቅርንጫፉን አስቆርጪ። ሽቦ ልትገዢ ከመሄድሽ በፊትም ክፍተቱን በሜትር ለኪው፤ እኔ በግምት ገዝቼ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሁለቴ ተመላልሻለሁ።