በእጅ ሲያዝ ያማረ፣ ሲወረወር የሚሽከረከር ፍላይ

ከኮምቦልቻ አንድ ወንድሜ ጽፎልኛል። ወደ ባሌ ተራሮች፣ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለሚያጠምዱ ሰዎች የሚላክ ፍላይ ይሠራል። ፍላይ ማለት መንጠቆ ላይ ላባ፣ ፀጉርና ክር ታስሮበት ነፍሳት እንዲመስል የሚሠራ ማጥመጃ ነው። አሁን የያዘው ክሬን ፍላይ የሚባለውን ነው። ያንን እግሩ የረዘመውን፣ በክረምት ማታ መብራት አይቶ ቤት የሚገባውን፣ ግድግዳ ለግድግዳ የሚንከራተተውን ዝንብ። ብዙ ሰው ትልቅ ቢምቢ ይመስለዋል። አይናከስም፣ ደምም አይመጥም።

ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ሁሉንም ከተፈጥሮ ዕቃ ነው የምሠራው። እግሩ የአውራ ዶሮ ጭራ ላባ ነው። እንዳይልፈሰፈስ ሱፐር ግሉ ቀብቼ አደርቀዋለሁ። ክንፉን ከሰፊ ነጭ ላባ በመቀስ ቆርጬ አወጣለሁ። ገላው ከውስጥ የበግ ፀጉር፣ ከላይ አክርማ ነው። ሞርሳው ላይ እያለ ሊበር የተነሣ ነው የሚመስለው። ሲወረወር ግን እንደ ቬንትሌተር ይሽከረከራል፣ የማጥመጃውን ናይሎንም ያጠማዝዘዋል። ውሃ ላይ ሲያርፍ በጎኑ ይተኛል። ሦስት አራት ጊዜ ከተወረወረ በኋላ እግሮቹ ቋጠሮው ላይ ይቀነጠሳሉ። ምን አጥፍቼ ነው? ደግሞስ የወሎው ሐይቅ ላይ ለቆሮሶ (ለቲላፒያ ዓሣ) ይሆናል?»

ፎቶም ልኮልኛል። አጉልቼ አየሁት።

አብሽር ወንድሜ። እጅህ ጥሩ ነው። የክርህ ጥምጥም አንዱ ከአንዱ አይደራረብም፣ የመንጠቆው ዓይንም ንጹሕ ነው። ይህ በቀላሉ የሚመጣ ነገር አይደለም። የነገርከኝ ችግር ሁሉ ግን ከአንድ ቦታ ነው የሚነሣው። የሠራኸው በመርፌ ተወግቶ መስታወት ውስጥ የሚቀመጠውን ዝንብ ነው። እግሩ ደርቋል፣ ክንፉ ተወጥሯል፣ ሁሉም ነገር በቦታው ቆሟል። ዓሣው የሚጠብቀው ነፋስ ጥሎት ውሃ ላይ የሚንፈራገጠውን ነው።

እስቲ መጀመሪያ አንዱን በሕይወት እያለ እየው። እኛ ደሴ በክረምት ከጦሳ ተራራ በኩል ጉሙ ሲወርድና ሣሩ ሲረጥብ በብዛት ይወጣሉ። ትላቸው እርጥብ አፈር ውስጥ ነው የሚያድገው። ማታ ግድግዳ ላይ ያረፈውን በብርጭቆ ክደነው፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አስገባና አስተውል። ክንፉ ሁለት ብቻ ነው፣ ጠባብና ረጅም። ከክንፉ ኋላ ግራና ቀኝ የስፒል ራስ የምታክል እንቡጥ አለች፤ ሲበር ሚዛኑን የሚጠብቀው በእሷ ነው። ገላው ቀጭን ነው፣ ቀለሙም የደረቀ ሣር። እግሮቹ ስድስት ናቸው። አንድም ቀጥ ብሎ የቆመ እግር አታይም። ጉልበቱ ላይ ይታጠፋል፣ ከዚያ በታች ያለው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይንጠለጠላል። ብርጭቆውን ነካ ብታደርገው ይወዛወዛል። አንዱን እግር በወረንጦ ብትይዘው ደግሞ እግሩን ጥሎልህ ይሄዳል። ስለዚህ ፍላይህ አንድ እግር ቢጎድለው ዓሣው ቅር አይለውም። እግሩ የጎደለ ክሬን ፍላይ በተፈጥሮም ያለ ነው። የሚከፋው እግሩ እንደ እንጨት ሲገተር ነው።

አሁን ወደ መሽከርከሩ እንምጣ። ዋናው ጥፋት ክንፉ ነው። ከሰፊ ላባ በመቀስ የተቆረጠ ክንፍ ፎቶ ላይ ያምራል፣ አየር ላይ ግን ምላጭ ነው። ሁለቱ ክንፎች በጥቂቱ እንኳ ከተዛነፉ አየሩ አንዱን ከሌላው ይበልጥ ይገፋዋል፣ ፍላዩም ይዞራል። የመቀስ ክንፍን እርግፍ አድርገህ ተወው። በምትኩ ከአውራ ዶሮ አንገት ሁለት ቀጫጭን ላባ ውሰድ። ለዚህ ዝንብ ገብስማ አውራ ዶሮን የሚያህል የለም። ግራጫና ነጭ እየተፈራረቀበት ውሃ ላይ ሲታይ በክንፉ ላይ ያሉትን የሥር መስመሮች ይመስላል። የምትፈልገው የላባውን ጫፍ ብቻ ነው፣ ርዝመቱም ከገላው እኩል ይሁን።

እዚህ ላይ ቀስ በል። የአንገት ላባ ሁሉ ትንሽ ጎበጥ ይላል። ሁለቱ ላባዎች ወደ አንድ ጎን ከጎበጡ አሁንም ቬንትሌተር ሠራህ ማለት ነው። የአንዱ ጉብጠት ወደ ግራ ከሆነ የሌላው ወደ ቀኝ ይሁን፣ ልክ እንደ ሁለት መዳፍ። ከዚያ ወደ ጎን ዘርግተህ ሳይሆን ወደ ኋላ አጋድለህ እሰራቸው። ከላይ ስታየው ሁለቱ ክንፎች ወደ መንጠቆው ኋላ የተከፈተ መቀስ ይምሰሉ። ክሩን ከአንዱ ክንፍ ሥር ወደ ሌላው እያሻገርክ የ8 ቁጥር ቅርጽ ስጠው። ሦስት ዙር ይበቃል።

ናይሎኑንም እየው። ለዚህ ፍላይ በጣም ቀጭን ናይሎን አይሆንም። ምንም ያህል ሚዛኑን ብትጠብቅ ክሬን ፍላይ ግዙፍ ነው፣ ቀጭኑን ያጠማዝዘዋል። ጫፉ ላይ ከ0.20 ሚሊ ሜትር ያላነሰ እንዲያስሩ ለደንበኞችህ ንገራቸው።

እግሩ ላይ ብዙ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም የዚህ ፍላይ ሕይወቱ እግሩ ላይ ነው።

የአውራ ዶሮ ጭራ ለእግር ይሆናል፣ ግን ደካማ ነው። ሱፐር ግሉ ስትቀባው ደግሞ ከላባነት ወጥቶ ብስኩት ይሆናል። ቋጠሮው ላይ ሲታጠፍ ቀጭ ይላል። ኮምቦልቻ ከእኛ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትርቅም ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት፤ ላባው እዚያ ይበልጥ ይደርቅብሃል። ላባ ካልሆነ አይሆንም ካልክ ሁለት ሁለት ዘለላ አጣምረህ፣ ለብ ባለ ውሃ አርሰህ ቋጥር። ሱፐር ግሉ ግን አታስጠጋው።

እኔ የምመክርህ የፈረስ ጭራ ነው። የማሲንቆው ጅማት ከምን እንደሆነ ታውቃለህ። ደጋኑም ከዚያው ነው። ያን ሁሉ ሲፈተግ እያመሸ የማይበጠስ ፀጉር ዓሣም አይበጥሰውም። ቋጠሮ ይይዛል፣ ሲታጠፍም መልሶ ይላወሳል። ማሲንቆ የሚሠራ ሰው ብታገኝ ከቁራጩ አይነፍግህም። ፈረስ ካለው ሰው የምትወስድ ከሆነ የወንዱን ምረጥ። የባዝራዋ ጭራ ሽንት ስለሚነካው ቶሎ ይደክማል። በሳሙና እጠበው፣ ጥላ ላይ አድርቀው። ነጭ ከሆነ ወፍራም ሻይ ውስጥ አሳድረው፣ የገለባ ቀለም ይይዛል።

አቋጣጠሩ እንዲህ ነው። አንዱን ፀጉር ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆየው። የኪሮሽ መርፌ ያዝ፣ እህትህ ወይም እናትህ ጋ አይጠፋም፤ ቀጭኑን ምረጥ። ፀጉሩን መርፌው ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥም፣ ጫፉን በመርፌው አፍ ያዝና በቀለበቱ ውስጥ ሳበው። ቋጠሮው ገና ልል እያለ በጥፍርህ እየገፋህ ወደምትፈልገው ቦታ አምጣው። የመጀመሪያው ቋጠሮ ከገላው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ሁለተኛው ከእሱ ሌላ 1 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ እርጥብ እንደሆነ ቀስ ብለህ አጥብቀው። አትንጨው። ቋጠሮው ሲጠብቅ ፀጉሩ በራሱ ጎበጥ ይላል፣ ጉልበት ይሆናል። ጉልበቱ ወደ ላይ ከታጠፈ በጣትህ አዙረው። ከሁለተኛው ቋጠሮ በታች ያለውን ረዘም አድርገህ ተወው። እግሩ በሙሉ ከገላው በደንብ ረዘም ቢል ደስ ይለኛል።

ስድስቱን አንድ ላይ አትሰር። ሦስቱን በግራ፣ ሦስቱን በቀኝ እሰር፤ ከስድስቱ ሁለቱ ወደ ጎን፣ አራቱ ወደ ኋላ ይሁኑ። የኋላዎቹ ከመንጠቆው ቆልማማ አልፈው ይንጠልጠሉ። ሥራቸው ላይ ጠብታ ጥፍር ቀለም በመርፌ ጫፍ አድርግ። ሥራቸው ላይ ብቻ! ጉልበቱ ነጻ ይሁን።

ገላው ብዙ አያነጋግርም። አክርማው ግሩም ነው፣ ስፌት የምትሰፋ ሴት እንደምታደርገው አርሰህ ከጠመጠምከው አይሰነጠቅም፤ ጥምጥሙ ራሱ የዝንቡን ገላ ቀለበት ይሰጥሃል። ውስጡ ያስገባኸውን የበግ ፀጉር አውጣው። የታጠበ የበግ ፀጉር ውሃ ይጠጣል፣ ፍላዩን በጎኑ የሚያስተኛው አንዱ እሱ ነው። አክርማውን በቀጥታ መንጠቆው ላይ ጠምጥም። ገላው ከምትፈራው በላይ ቀጭን ይሁን። ከመንጠቆው እጀታ፣ ማለትም ቀጥ ካለው ክፍሉ፣ በዓይኑ በኩል ያለውን አንድ ሦስተኛ ባዶ ተወው፤ እግር፣ ክንፍና አንገት እዚያ ነው የሚታሰሩት። መንጠቆው ቁጥር 10 ወይም 12፣ እጀታው ረጅም፣ ሽቦው ቀጭን ይሁን። ክርህን ንጹሕ የማር ሰም ላይ ጎትተው፣ ቋጠሮው አይንሸራተትም።

መጨረሻ ላይ አንገቱ ላይ አንድ ላባ ሦስት ወይም አራት ዙር ጠምጥም። ከዚያ ከሥር ያለውን በመቀስ ደልድለህ ቁረጠው። በዚህ አብዛኛው ሰው ይሳሳል፣ ላባ መቁረጥ ያሳዝነዋል። ካልቆረጥከው ግን ፍላዩ በላባው ጫፍ ቆሞ በትንሽ ነፋስ ይገለበጣል። ሲቆረጥ ሆዱ ውሃውን ይነካል፣ እግሩ ይዘረጋል፣ ይረጋል።

ስለ ላባ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ልጆች ስለሚያበላሹት። የእኛ ሰው ዶሮ አርዶ በፈላ ውሃ ነክሮ ነው የሚነጨው። ፈላ ውሃ የገባ ላባ ለወጥ ቤቷ እንጂ ለአንተ አይሆንም፤ ዘለላው ይኮማተራል፣ ጥንካሬውም ይሄዳል። በዓል ሲደርስ ጎረቤት ዞር ዞር በልና ከመነከሩ በፊት የአንገቱን ላባ በደረቁ እንድትነጭ እንዲፈቅዱልህ ለምን። እኔ ከእንቁጣጣሽ እስከ ገና የሚበቃኝን በአንድ ጠዋት ነው የምሰበስበው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥበህ ጥላ ላይ አድርቀው። የተጣመመ ላባ ካለህ ቡና ሲፈላ ከጀበናው አፍ በሚወጣው እንፋሎት ላይ በወረንጦ ያዘው። ዓይንህ እያየ ይቃናል። ብል እንዳይገባው ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። የዱር ወፍ ላባ ግን አትግዛ፣ ቢሰጡህም አትቀበል። ዶሮ ሞልቶን ቆቅና ጅግራ የሚገደልበት ምክንያት የለም።

ሠርተህ ስትጨርስ እንዲህ ፈትነው። አንድ ክንድ የሚሆን ናይሎን እሰርበትና አየር ላይ ወዲያ ወዲህ አወዛውዘው። ናይሎኑ ከተጠማዘዘ ክንፉ ተዛንፏል፤ ፈትተህ እንደገና እሰር። ካልተጠማዘዘ ከደረትህ ከፍታ ሰፊ የውሃ ሳፋ ላይ ልቀቀው። አሥር ጊዜ ጣለው። ስምንቱን በሆዱ ካረፈ ለደንበኛ ይሰጣል። በጎኑ ከወደቀ በየትኛው በኩል እንደሆነ እየው፣ በዚያ በኩል ያለው እግር ወይም ክንፍ በዝቷል ማለት ነው። ቫዝሊን በሁለት ጣትህ መሐል በደንብ አሽተህ እግሩንና አንገቱን ዳበስ ብታደርገው ሳይሰምጥ ይቆያል። ሲበዛ ግን እግሮቹን ያጣብቃቸዋል።

ወደ ባሌ ወንዞች፣ ዌብም ሆነ ዳንካ፣ የሚሄዱት ደንበኞችህ ሣር ካለበት ዳርቻ፣ ነፋስ ወደ ውሃው በሚነፍስበት ሰዓት ይወርውሩት። ዝንቡ በራሱ ፈቃድ ውሃ ላይ አይወርድም፣ ነፋስ ነው የሚጥለው። ካረፈ በኋላ ዝም ይበሉት፣ አልፎ አልፎ ብቻ የጣት ያህል ይሳቡት። ትራውት አንዳንዴ መጀመሪያ መትቶ ያሰምጠውና ዞሮ ነው የሚውጠው። ውሃው ቦጭ ሲል ወዲያው ዘንጉን የሚያነሣ ሰው ዓሣውን ያጣዋል፣ ከዚያ ያንተን ፍላይ ይወቅሳል።

ሐይቅን ጠይቀኸኛል። ቆሮሶ በዋናነት የሚበላው አልጌ ነው። ክሬን ፍላይ ጥለህለት ሳይነሣ ቢቀር ፍላይህ ከፍቶ አይደለም፤ በእሱ አትመዝነው። ውሃው ግን ሰፊ ነው፣ ከሰዓት ላይ ነፋስ አያጣም። አወራወሩን ለመፈተን ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር መሄዱ አያስቆጭም። ስትሄድ አምስቱን በፀጉር እግር፣ አምስቱን በላባ እግር ሠርተህ ያዝ። በክብሪት ቀፎ አትያዛቸው፣ እግራቸው ይጨፈለቃል። ጥልቀት ያለው ዕቃ ፈልግና ከሥሩ ቡሽ ለጥፈህ መንጠቆውን እሱ ላይ ሰካው። የትኛው እግሩን ይዞ እንደተመለሰ ጻፍልኝ።