ዝናብ ሳይዘንብ ጎርፍ ከየት ይመጣል?

ይድረስ ለእትዬ፣

ሐረር ተወልጄ ያደግሁ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። በውኃ ሀብት ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዬን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ግንቦት፣ ስሙ ይቅርና፣ አንድ የትምህርት ተቋም ባወጣው የመምህርነት ውድድር የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ለቃል ፈተናና ለማሳያ ትምህርት ድሬዳዋ ተጠራሁ። የእህቴን ጥቁር ኮት ለብሼ ማለዳ በሚኒባስ የደንገጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ስደርስ ኮቱ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ፈታኞቹ አምስት ናቸው። ስለ ጎርፍ መጠን ስሌት 15 ደቂቃ እንዳስተምር ተነገረኝ። 20 ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር፤ ፕሮጀክተሩ አልሠራም። ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ልጽፍ ማርከር ባነሳ ቀለሙ አልቋል። እንደደበዘዘ ጽፌ ጨረስኩ። አንደኛው ፈታኝ ስልኩን ይነካካል። በመጨረሻ አንድ ሽበታም አዛውንት «እኔን እንደ ተማሪ ቁጠሪኝ፤ ዝናብ ሳይዘንብ ጎርፍ ከየት ይመጣል?» አሉኝ። የተሳለቁብኝ መሰለኝና ቀመሩን ደገምኩላቸው። «ለምን እኛን መረጥሽ?» ስባልም «ሥራ ስለምፈልግ» አልኩ። ሳቁ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ተጠባባቂ ሆኜ ተገኘሁ። ጓደኞቼ «ቦታው ቀድሞ የተያዘ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ይሆን? ወይስ ያበላሸሁት እኔው ነኝ?

ተጠባባቂዋ፣ ከሐረር

ልጄ ተጠባባቂዋ፣

ቀድሞ የተያዘ ቦታ የለም ብዬ አልምልልሽም፤ በዕድሜዬ አይቻለሁ። የነጥብሽን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቂ፤ የጽሑፉ፣ የቃሉና የማሳያው ለየብቻ ከተቀመጠ የት እንደጎደለብሽ ይታይሻል። ቃልሽ ግን ትሁት ይሁን፤ ተጠባባቂ ነሽና ነገ ሊጠሩሽ ይችላሉ።

አዛውንቱ አልተሳለቁብሽም። ሊያጎርሱሽ እጃቸውን ዘረጉ፤ አፍሽን ዘጋሽባቸው።

ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቅሽ ከተማዋን አቋርጦ ስለሚያልፈው ስለ ደቻቱ ወንዝ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ከተማው ተኝቶ ሳለ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በዚያ አሸዋ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ፤ ሺዎችንም ያለ ቤት አስቀረ። መልሱ ይኸው ነበር። ዝናቡ ላይ፣ ጎርፉ ታች። ጋራው የተራቆተና ቁልቁል ስለሆነ ውኃው ለመስረግ ጊዜ አያገኝም። የቀመርሽ ሦስቱም ነገሮች፣ የተፋሰሱ ስፋት፣ የዝናቡ ኃይልና ሳይሰርግ የሚወርደው የዝናብ ድርሻ፣ እዚያው ታሪክ ውስጥ አሉልሽ። አንቺ ደግሞ በዚያው ጠዋት ያንን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርደሽዋል! በስላይዶችሽ ላይ የነበረው ወንዝ የየት አገር እንደነበር አልጻፍሽልኝም፤ እኔም አልጠይቅሽም።

ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጬ ብዙ አመልካች ሰምቻለሁ። ቀመሩን ማወቅሽ በጽሑፍ ፈተናው ታይቷል። በማሳያው የሚታየው፣ ክፍሉ ሞልቶ መብራት ሲጠፋብሽ ምን እንደምትሆኚ ነው። ማርከሩ ሲያልቅ ሌላ መጠየቅ ነበረብሽ። ከኋላ ለተቀመጠው ተማሪ ጽሑፉ ሳይታየው ትምህርቱን ትቀጥላለች ብለው ቢሰጉ አልፈርድባቸውም። ስልኩን የሚነካካው ግን ነውረኛ ነው፤ በእርሱ ነገር ከአንቺ ጋር ነኝ።

«ሥራ ስለምፈልግ» ማለትሽ ሐቅ ነው፤ ለጽድቅ ብሎ የሚያመለክት የለም። ግን ግማሽ ሐቅ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ሐረር ስትጠማ ጀሪካን ተሸክመሽ የተሰለፍሽ ልጅ ሳትሆኚ አትቀሪም። ከሐረር ድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዷ በውኃ ጥም ስትንገላታ ሌላዋ ውኃ ሊወስዳት ስትሰጋ አየሽ። ለምን እዚህ እንደመጣሽ ይህን ብትነግሪያቸው ማን ይስቅብሽ ነበር?

ዳግም ከጠሩሽ በዋዜማው ውረጂና ገበያ ሳትይ መጀመሪያ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቁሚ። ስላይዶቹን አምስት አድርጊያቸው፤ ማርከርም በቦርሳሽ ይኑር። ኮቱን ለእህትሽ መልሺላት። በግንቦት ድሬዳዋ ላይ ኮት የሚለብስ እንግዳ ብቻ ነው።