ፖለቲካል ሳይንስ ልግባ ወይስ አካውንቲንግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለ ኬት ባርናርድ ካነበብኩ ወዲህ ሕልሜ እንደሷ ፖለቲከኛ ሆኜ ለሕፃናትና ለእስረኞች መሥራት ነው። ፖለቲካል ሳይንስ መግባት ፈልጌ ነበር፤ አባቴ ግን "ፖለቲካውን ተይውና አካውንቲንግ ተማሪ" ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ ፖለቲካ ሲባል ለምን እንደሚደነግጥ አንቺም አታጪውም። እሱን እንለፈው። ባርናርድን ለማያውቅ አንባቢ ግን ትንሽ ልበል፤ መልሴም ያለው እዚያው ነው።

ሴትዮዋ በ1907 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካዋ የኦክላሆማ ግዛት ውስጥ ሴቶች ገና ሳይመርጡ በወንዶች ድምፅ ተመርጣ የበጎ አድራጎትና የማረሚያ ኮሚሽነር ሆነች። ከዚያ በፊትስ? መጀመሪያ አስተማሪ፣ ቀጥሎ የምክር ቤት ጸሐፊ። ሕግ እንዴት እንደሚወጣ ከቅርብ ያየችው እዚያ ነው።

እኔ የምወድላት የ1908ቱን ነው። ያኔ ኦክላሆማ እስረኞቿን የምታስቀምጠው እየከፈለች ጎረቤት ካንሳስ፣ ላንሲንግ ወህኒ ቤት ነበር። ባርናርድ እንደማንኛውም ጎብኚ የመግቢያ ከፍላ ገባች፣ ከሰው ጋር ዞረች፣ ጉብኝቱ ሲያልቅ ማንነቷን ተናገረችና የቀረውን ሁሉ ካላየሁ አለች፤ እስረኞቹ የድንጋይ ከሰል እስከሚቆፍሩበት ጉድጓድ ድረስ ወረደች። ያየችውንም ጻፈች። እስረኞቹ ወደ ኦክላሆማ ተመለሱ፣ እዚያው ማክአሌስተር ላይም ወህኒ ቤት ተሠራ። የሕፃናት ጉልበት እንዲከለከልና ትምህርት ግዴታ እንዲሆንም ተሟግታለች።

ኋላ ግን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች (ኢንዲያኖች) ወላጅ አልባ ልጆችን መሬትና ነዳጅ ሞግዚት ተብዬዎች ሲዘርፉ ተነሳችባቸው። ይሄኔ ብዙ ሰው ተነካ። ምክር ቤቱ ምን አደረገ መሰለሽ? በጀቷን ቆረጠ፣ በቃ። ሹመቷ ወረቀት ላይ ቀረ።

እና አባትሽ የሚሉትን አካውንቲንግ አትናቂው! በጀት ማንበብ የማይችል ተሟጋች በየስብሰባው ሞልቷል። እኔ ብሆን ግን ሕግ ወይም ሶሻል ወርክ ነው የምገባው፤ አካውንቲንጉን በትርፍ ሰዓት ኮርስ እይዘዋለሁ። ፖለቲካል ሳይንስ ክፉ ትምህርት አይደለም፤ ግን ተመርቀሽ የማረሚያ ቤት በር ለመግባት ምን ብለሽ ታንኳኪያለሽ? ጠበቃ ደንበኛውን ብሎ ይገባል፣ የሶሻል ወርክ ባለሙያ ልጁን ብሎ ይገባል።

ደግሞ አንቺ ቱሉ ዲምቱ ነሽ፤ ቂሊንጦና አባ ሳሙኤል ማረሚያ ቤቶች ቅርብሽ ናቸው። ታክሲ ተራው ላይ በጠዋት ስንቅ በፌስታል ቋጥረው የሚጠብቁ እናቶች አሉ፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ። አጠገባቸው ተሰለፊ፣ አውሪያቸው። ምን ያስገባሉ፣ ምን ይመለስባቸዋል፣ ለትራንስፖርት ስንት ያወጣሉ? ስም ሳትጽፊ በደብተር ያዢው። ረዳት ሆኖ "ቂሊንጦ! ቂሊንጦ!" የሚጮኸውንም ልጅ ዕድሜውን ጠይቂው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 አንብቢ፤ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው ይያዙ የሚለው እዚያ አለ። ትምህርት በማይኖርሽ የሥራ ቀን ደግሞ ልደታ ፍርድ ቤት ሄደሽ ችሎት ተቀመጪ፤ የልጆች ጉዳይ በዝግ ነው የሚታየው፣ ሌላው በአብዛኛው ክፍት ነው።

ፖለቲካው አይጠፋም፤ ለምክር ቤት መወዳደሪያው ዕድሜ እንደሆነ 21 ነው። ለአባትሽ ዛሬ "ፖለቲከኛ እሆናለሁ" ብለሽ ከምታስደነግጫቸው "ሕግ ልማር" በያቸው፤ ውሸትም አይደለም።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽኝም፤ ናቹራል ነሽ ሶሻል? ናቹራል ከሆንሽ ያልኩሽ ግማሹ ይቀየራልና መልሰሽ ጻፊልኝ።