የክላሽ ፈጣሪ ጭንቀት

ልጆቼ፣ ማሽን ስነድፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ። ዛሬ ስለ ሚካኢል ካላሽኒኮቭ ላውራችሁ። ሰውየውን ባታውቁት እንኳ ክላሹን ታውቁታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1941 ታንከኛ ሆኖ ከናዚ ጋር ሲዋጋ ቆሰለ። ጠመንጃ መንደፍ የጀመረው ሆስፒታል ተኝቶ ነው። አገሩን ለማዳን ነበር፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እርሳስ አነሳ ነበር። ግን ጠመንጃው የሶቪየት ጦር መሣሪያ የሆነው በ1949 ነው። ናዚ ከተሸነፈ አራት ዓመት አልፎታል።

እንደ ሙያ ሰው ሳየው ሥራው ያስደንቀኛል። በሚንቀሳቀሱት ክፍሎች መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ተወ። አሸዋ ቢገባበት፣ ጭቃ ቢነካው፣ ይተኩሳል። ፈትቶ መግጠም ለልጅ እንኳ አይከብድም። አዎ፣ ለልጅ። ሕፃናትን ለጦርነት የሚመለምሉ ሰዎችም የወደዱት ይህንኑ ነው።

ለዓመታት ሲጠየቅ፣ ጠመንጃው እንቅልፍ እንደማይነሳው፣ ጥፋቱም የፖለቲከኞች እንደሆነ ይናገር ነበር። አንዴ ግን የሣር ማጨጃ ብሠራ ይሻለኝ ነበር አለ። ዕድሜው 90ን ካለፈ በኋላ ለሩሲያው ፓትርያርክ ኪሪል ደብዳቤ ጻፈ። የነፍሴን ሕመም አልቻልኩትም፤ ጠመንጃዬ ለገደላቸው ሰዎች ተጠያቂው እኔ እሆን እንዴ? ብሎ ጠየቀ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ቃል አቀባይ፣ መሣሪያው አገር ለመከላከል እስከዋለ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ትደግፋለች አሉ። ይህ መልስ እኔን አላሳረፈኝም። እሱም በ2013 ዐረፈ።

እናንተ ዛሬ ድሮን ትሠራላችሁ፣ ሶፍትዌር ትጽፋላችሁ። እባካችሁ ይህን ጥያቄ እስከ 90 ዓመት አታቆዩት። ዕቃው ገና ወረቀት ላይ እያለ፣ ነገ ማን እጅ እንደሚገባ አለቃችሁን ጠይቁ። መልስ ከሸሸ በጽሑፍ ጠይቁት።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። በወጣትነቴ የእህል ወፍጮ ነድፌ ነበር። ዋጋው እንዲቀንስ ብዬ ቺንጋውን፣ ማለትም ወፍጮውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ሳልሸፍነው ተውኩት። አንድ ቀን የአንዲት እናት ነጠላ ጫፍ ያዘና ክንዷን ጎትቶ ወሰደው። «ማን ተጠጊ አላት?» አለ ባለወፍጮው። እኔም ለጊዜው በዚሁ ተጽናናሁ። ማታ ግን ንድፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየሁት። መስመሩ ሁሉ የእኔ እጅ ነው። ለመሸፈኛው የሚያስፈልገው አንድ ቁራጭ ላሜራና አራት ብሎን ነበር።