ሽሮው፣ ጾሙ፣ ክትፎው፦ ስለ ኤም ኤስ ጥያቄዎቻችሁ

አራት ኪሎ የምኖር፣ ራሴም ኤም ኤስ (መልቲፕል ስክሌሮሲስ) ያለብኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። በሽታው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የነርቮችን ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ጠይቁኝ፤ የሐኪማችሁን ወንበር ግን አልቀማም።

ጥያቄ፦ በሽታውን የሚያቆም አመጋገብ አለ?
የተረጋገጠ የለም። ሮይ ስዋንክ የተባለ የነርቭ ሐኪም የሰባ ነገር እንዲቀንሱ ያዘዛቸውን 144 ሕሙማን ለ34 ዓመታት ተከታትሎ፣ በምክሩ የጸኑት እጅግ እንደተሻሉ በ1990 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የሚነጻጸር ሌላ ቡድን ግን አልነበረውም፤ የጸኑት ቀድሞውንም ሕመሙ የቀለለላቸው ቢሆኑስ? ቅቤ መቀነስ ለልብ ደግ ነው፤ መድኃኒት ለማቆም ግን ሰበብ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ዓቢይ ጾምን ልጹም? እናቴ አትጹሚ ትለኛለች።
እህቴ፣ 55 ቀን ሽሮና ምስር መብላት ብቻውን አይጎዳሽም። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት ባይገኝም ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ስንቅ ይይዛል። የሚያሳስበኝ በፍስኩም ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ የማይደርሰው ሰው ነው፤ የቢ12 እጥረት እግር ያደነዝዛል፣ ሚዛን ያስታል፣ ኤም ኤስ የባሰ ያስመስላል። በደም ምርመራ ይለያል። ከምግብ ጋር የሚዋጥ መድኃኒት ካለሽ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ከሐኪምሽም ከንስሐ አባትሽም ጋር ተመካከሪበት።

ጥያቄ፦ ፀሐይ በሞላበት ከተማ ቫይታሚን ዲ ምን ይሠራልኛል?
ፀሐይዋ አለች፤ እኛ ነን ከታክሲ ቢሮ፣ ከቢሮ ታክሲ የምንለው። በመስኮት መስታወት የገባ ብርሃን ደግሞ ቫይታሚን ዲ አያሠራም። የቫይታሚኑ ማነስ በበሽታው ከመያዝ ጋር ተያይዟል፤ ከታመሙ በኋላ የሚዋጠው ክኒን ስለሚሰጠው ጥቅም ግን ጥናቶች አልተስማሙም። ተለክቶ ከጎደለ ይሞላል። በጎረቤት ምክር ብዙ መዋጥ ደም ውስጥ ካልሲየም ያበዛል፣ ኩላሊትም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ክትፎስ?
ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር፤ ክትፎ እወዳለሁና። አንዳንድ የኤም ኤስ መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ያዳክማሉ፤ ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው ደግሞ ኮሶ ብቻ አይደለም። ለብለብም አይበቃም። እኔ «በደንብ ይብሰል» ብዬ ሳዝ አስተናጋጁ በሐዘን ያየኛል።

ጥያቄ፦ ሽንት ስለሚያጣድፈኝ ውሃ መጠጣት ትቻለሁ።
አትተው! የሆድ ድርቀትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ትጋብዛለህ፤ ኢንፌክሽኑም ምልክቶችህን ያባብሳል። የሚያጣድፍህ ቡናው ሊሆን ስለሚችል አቦሉን ጠጥተህ ቶናውንና በረካውን ለሌላው ተውለት።