ቢራቢሮ ናት ወይስ ብል?

ጥያቄ፦ በግቢያችን ሣር መካከል በጠራራ ፀሐይ የምትበር፣ ነጭ ክንፏ በቀይና በጥቁር ነጥብ ያሸበረቀ ትንሽ ፍጥረት አየን። ልጄ ቢራቢሮ ናት ይላል፤ እናቴ ደግሞ ልብስ የሚበላው ብል ነው ብለው እንድናባርራት አዘዙን። ማንኛቸው ልክ ናቸው? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከገለጻዎ እንደምንረዳው ያዩዋት በሳይንሳዊ ስሟ ዩቴቴይሳ ፑልኬላ የምትባለው የእሳት እራት ሳትሆን አትቀርም። «ፑልኬላ» የሚለውን ስም ካርል ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. የሰጣት ሲሆን፣ በላቲን «ቆንጂት» እንደማለት ነው፤ የሚበዛባትም አይደለም። የፊት ክንፎቿ ጠበብ ያሉና እንደ ወተት የነጡ ሆነው፣ በላያቸው ቀያይ ነጥቦችና ከእነሱ አነስ ያሉ ጥቁር ነጥቦች ተሰባጥረው ይታያሉ። የኋላ ክንፎቿ ጠርዝ ደግሞ ወጣ ገባ ባለ ጥቁር መስመር እንደ ነጠላ ጥለት የተከበበ ነው። ይሁን እንጂ ስታርፍ የፊት ክንፎቿን እንደ ጋቢ በገላዋ ላይ ስለምትጠቀልል ይህ ጥለት የሚታየው ስትበር ብቻ ነው። ክንፎቿ ተዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለኩ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ።

የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ላይ ወፈር ሲል የእሷ ግን እስከ መጨረሻው እንደ ክር የቀጠነ ነው። በቀን መብረሯ ሊያሳስት ቢችልም ማታ ወደ መብራት ስለምትመጣ «የእሳት እራት» መባሏ አግባብ ነው። የእናትዎ ስጋትም መነሻ አለው፤ ብልም ከእሳት እራት ወገን ነውና። ነገር ግን ሱፍ የሚበላው የብል ትል ሲሆን፣ ካደገ በኋላም ደብዘዝ ያለ የገለባ መልክ ያለውና ከብርሃን የሚሸሽ ነው።

የእርስዎ እንግዳ በትልነቷ የምትመገበው የከብትን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያላቸውን ዕፀዋት ነው። መርዙን በገላዋ ስለምታከማች፣ አንዴ የቀመሳት ወፍ ያን ቀይና ጥቁር ነጥብ ሲያይ ይተዋታል። በአሜሪካ ያለችው የቅርብ ዘመዷማ ድር ላይ ስትወድቅ፣ ሸረሪቷ ራሷ ክሩን በጥሳ ትለቃታለች፤ ወንዱም ሲገናኛት ከመርዙ ያካፍላታል፣ እሷም ለእንቁላሎቿ ታወርሳለች።