ፍራይድ ቺክን በቤት ድስት፦ ጥያቄና መልስ

ልኬቶቹ በሙሉ 1.3 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን፣ 8 ቦታ ለተቆረጠ (2 ታፋ፣ 2 እግር፣ 2 ክንፍ፣ 2 ደረት) አንድ የፈረንጅ ዶሮ ናቸው። እንደ ወጥ 12 ብልት ማውጣት አያስፈልግም፤ ትንንሹ ብልት ቅርፊቱ ሳይቀላ ይደርቃል።

ጥያቄ፦ የምከተለው አሠራር ዘይቱ 175 ዲግሪ ይሁን ይላል። ቴርሞሜትር ገዝቼ ልክ 175 ላይ ነው የምጥለው። በ8 ደቂቃ ውጪው ይጠቁራል፣ ታፋው ሲቆረጥ ግን አጥንቱ ጋ ጥሬ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው።

መልስ፦ ቴርሞሜትሩ ደህና ነው፤ ቁጥሩ ነው ለአዲስ አበባ ያልተጻፈው። እነዚህ አሠራሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ከባሕር ወለል ብዙም ከማይርቅ አገር ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ የተነሳ የዱቄቱ እርጥበት ቶሎ ተንኖ ያልቅና ቅርፊቱ ደርቆ ወደ መጥቆር ይሄዳል፤ ሙቀቱ ግን ገና አጥንቱ ጋ አልደረሰም።

ደንቡ ቀላል ነው፦ በየ300 ሜትሩ ከዘይቱ ሙቀት ወደ 1.7 ዲግሪ ይቀንሱ። ለአዲስ አበባ 13 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን 162 ላይ ይጣሉት። ሐዋሳ 165፣ ድሬዳዋ 168 ይበቃል። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ 175ን እንዳለ ተጠቀሙ። ዶሮው ሲገባ ዘይቱ ወደ 145–150 ይወርዳል። ያ ጤነኛ ነው፣ እሳቱን አክርረው መልሰው ወደ 162 ለማድረስ አይሩጡ፤ 150 አካባቢ ይዞ እንዲቆይ ብቻ ያድርጉ። ታፋና እግር 14–16 ደቂቃ፣ ለሁለት የተከፈለ ደረት 11–13፣ ክንፍ 9–10 ይወስዳል። ቴርሞሜትር ካለዎት አጥንት ሳያስነኩ ወፍራሙ ሥጋ ላይ ይውጉት፤ 74 ሲደርስ በስሏል። ታፋና እግር ግን እስከ 80–85 ቢሄዱ ይሻላል፣ ጅማታቸው የሚላላው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ የሐበሻ ዶሮ ጣዕሙ ይበልጣል። ለምን በእሱ አንሠራም?

መልስ፦ ጣዕሙስ ይበልጣል፣ ግን በ15 ደቂቃ ጥብስ አይላላም። ወጥ ላይ የሚያምረው ለረጅም ጊዜ ስለሚቀቀል ነው። የግድ ካሉ መጀመሪያ በጨው ውሃ በቀስታ እስኪላላ ይቀቅሉት፣ አቀዝቅዘውና አድርቀው ዱቄት ያልብሱት፣ ከዚያ 4–5 ደቂቃ ብቻ ይጥበሱት። ጥሩ ምግብ ይወጣዋል፣ ይሄኛው ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ዶሮውን እንደ ወጡ በሎሚና በጨው አጥቤ ልዘፍዝፈው? ቆዳውንስ ልግፈፈው?

መልስ፦ ሎሚውን አሽቶ ማጠብ ችግር የለውም፣ መዘፍዘፉ ግን ይቅር። አሲዱ የሥጋውን ላይ ነጭና ልል ያደርገዋል፣ ዱቄቱም በደንብ አይዝለትም። ሲያጥቡ ውሃው ወደ ሰላጣውና ወደ ቢላዋው እንዳይረጭ ይጠንቀቁ፤ ጀርሙን የሚገድለው ሎሚው ሳይሆን የዘይቱ ሙቀት ነው። ካጠቡ በኋላ በሶፍት ጨምቀው ያድርቁት። ቆዳው ይቆይ፣ ሥጋውን ከመድረቅ ያድነዋል። የተንዘላዘለውን ትርፍ ቆዳ ብቻ ይቁረጡ፣ ሥጋው ላይ ስለማይያዝ ሲጠበስ ቅርፊቱን ይዞ ይላቀቃል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ቪዲዮ "ባተርሚልክ" ይላል። በሱፐርማርኬት አላገኘሁም።

መልስ፦ አሬራ አለልዎት። ቅቤው ተንጦ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ማለት ነው፤ ድሮ ባተርሚልክ የሚባለውም እሱው ነበር። ግማሽ ሊትር አሬራ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሞላ ያለ ጨው (20 ግራም ገደማ)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ 3 ፍልቃቂ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት እና 1 የተመታ እንቁላል ይቀላቅሉ። እንቁላሉ የገባው አሬራ ቀጭን ስለሆነ ነው፣ ዱቄቱን እንዲይዝ ያወፍረዋል። ዶሮውን ነክረው ፍሪጅ ውስጥ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ያቆዩት። አሬራ ከጠፋ እርጎ በትንሽ ወተት አቅጥነው ይጠቀሙ። ሥራው ሁሉ የጨው ነው፦ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባና ሥጋው ሲጠበስ ውሃውን እንዳይለቅ ይይዘዋል። ጨውን ዱቄቱ ላይ ብቻ የሚያደርግ ሰው ቅርፊቱ ጨዋማ፣ ሥጋው አልጫ የሆነ ዶሮ ይበላል።

ጥያቄ፦ የዱቄቱ ልክ?

መልስ፦ 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 100 ግራም ኮርን ስታርች፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። ስታርቹ ቅርፊቱን ስስና ተሰባሪ ያደርጋል፤ ፉርኖ ብቻ ከሆነ ወፍሮ ይጠነክራል። አሁን የሚዘለለው ነገር ይኸውና፦ ከአሬራው 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄቱ ላይ ያንጠባጥቡና በጣት ጫፍ ያሹት፣ ትንንሽ ፍርፋሪ እስኪሆን። ዶሮው ላይ የሚቆሙት እነዚያ ኮረት ኮረት የሚሉ ቅርፊቶች ከዚህ ነው የሚመጡት።

ጥያቄ፦ ቅርፊቱ ዘይቱ ውስጥ ይላቀቅብኛል። ዶሮው ራቁቱን ይወጣል።

መልስ፦ ከአሬራው ሲወጣ እያንዳንዱን ብልት አንጠልጥለው ያንጠፍጥፉት፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ በዱቄቱና በቆዳው መሃል ሊጥ ይሠራል፣ ያ ሊጥ ሲፈላ ቅርፊቱን ገፍቶ ያነሳዋል። ዱቄት ውስጥ ሲገባ በመዳፍ ይጫኑት፣ መነስነስ ብቻ አይበቃም። ከዚያ ትርፉን አራግፈው በፍርግርግ ላይ 15–20 ደቂቃ ያሳርፉት። ደረቅ ነጭ ሆኖ የገባው ዱቄት እርጥበቱን ጠጥቶ ደብዘዝ ያለ፣ እንደ ሙጫ የሚይዝ ሲሆን ዝግጁ ነው። ነጭ ብናኝ ካለ ገና ነው።

ዘይት ውስጥ ከገባ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች አይንኩት። ቅርፊቱ ሳይጸና በሹካ የሚያገላብጥ ሰው ራሱ ነው የሚያላቅቀው። በመቆንጠጫ፣ አንድ ጊዜ፣ የመጥበሻው ጊዜ ሲጋመስ ይገልብጡ። ድስቱንም አያጨናንቁ፤ ብልቶቹ ከተነካኩ የተነካኩበት ቦታ ተቀቅሎ ይለሰልሳል።

ጥያቄ፦ በርበሬ ዱቄቱ ላይ ባደርግ? አንድ ጊዜ አድርጌ መረረኝ።

መልስ፦ 15 ደቂቃ ዘይት ውስጥ የቆየ በርበሬ ያርራል። 1 የሾርባ ማንኪያ አሬራው ውስጥ ይጨምሩት፣ በዱቄቱ ተሸፍኖ ስለሚቆይ አይቃጠልም። ሚጥሚጣ ደግሞ ዶሮው እንደወጣ፣ ዘይቱ ሳይደርቅ ላዩ ላይ ይነስነስ።

ጥያቄ፦ ዘይት ውድ ነው። በትንሽ ዘይት ይሆናል? ስንት ጊዜስ ልጠቀምበት?

መልስ፦ ሰፊ መጥበሻ ዘይት ይበላል። 24 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድስት 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ለመያዝ 1.8 ሊትር ይፈልጋል፤ 20 ሳንቲ ሜትሩ በ1.25 ሊትር ያንኑ ይይዛል። ጠባብና ረጅም ድስት ይምረጡ፣ 2 ወይም 3 ብልት ብቻ በአንዴ ይጥበሱ። ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ አይለፍ። የሱፍ ዘይት ጥሩ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይትም ይጠብሳል፣ ዶሮው ሲቀዘቅዝ ግን ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ያልተጣራ የኑግ ዘይት ቶሎ ይጨሳል፣ ለዚህ አይሆንም።

ሲጨርሱ ቀዝቀዝ ሲል በወንፊትና በጨርቅ አጣርተው ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ። ታች የቀረው የዱቄት አተላ ነው ዘይቱን ቶሎ የሚያበላሸው። በደንብ ከተጣራ ሦስት ጊዜ ያህል ያገለግላል። ከጠቆረ፣ አረፋ ከያዘ ወይም በፊት በማይጨስበት ሙቀት ከጨሰ ይጣል፤ በዕቃ ማጠቢያው ግን አይድፉት፣ ቧንቧው ይደፈናል።

ጥያቄ፦ ቴርሞሜትር የለኝም፣ የማበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው።

መልስ፦ የደረቀ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ ይንከሩ። ዙሪያውን ትንንሽ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ ደርሷል፤ ከተንጫጫ በዝቷል፣ ድስቱን ከምድጃው አውርደው ያብርዱት። የኤሌክትሪክ ምድጃ ችግሩ መዘግየት ነው፦ ዶሮው ሲገባ የወረደውን ሙቀት ቶሎ አይመልስም፣ ዱቄቱም እስከዚያ ዘይት ይጠጣል። ስለዚህ ወፍራም የብረት ድስት፣ ጥቂት ብልት፣ እና ከፍሪጅ ወጥቶ 30 ደቂቃ የቆየ ዶሮ።

ጥያቄ፦ ኬኤፍሲ በፕሬዠር ነው የሚጠብሰው ይባላል። የቤቴ ፕሬዠር ኩከር ይሠራል?

መልስ፦ በፍጹም። የኬኤፍሲ መሥራች ሳንደርስ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በግፊት ይጠብስ እንደነበር እውነት ነው፣ ዛሬ ግን ለዚያ ሥራ ብቻ የተሠሩ ማሽኖች አሉ። የቤቱ ዕቃ ላስቲክና ቫልቭ የተሠራው ለውሃ እንፋሎት እንጂ ለጋለ ዘይት አይደለም። ዘይት ቢነሳበት ሰው ያቃጥላል። ተራ ድስትም ላይ ቢሆን ዘይት እሳት ከያዘ ውሃ አይርጩ፤ ምድጃውን አጥፍተው ክዳን ይክደኑበት።

ጥያቄ፦ ቴርሞሜትሩ 80 አለኝ፣ አጥንቱ ጋ ግን ቀይ ነው።

መልስ፦ በስሏል። የፈረንጅ ዶሮ በወጣትነቱ ስለሚታረድ አጥንቱ ገና ስስ ነው፣ የመቅኒው ቀለም ወደ ሥጋው ይወጣል። በረዶ ሆኖ የቆየ ዶሮ ላይ ደግሞ ይብሳል።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ እዚህ ዶሮው ትልቅ ነው፣ ስሠራውም ጨው ይበዛብኛል።

መልስ፦ ማሸጊያውን ያንብቡ። እዚያ ብዙ ዶሮ የጨው ውሃ ተወግቶ ይሸጣል፣ ካለበት የአሬራውን ጨው በግማሽ ይቀንሱ። ትልቁን ደረት ለሦስት ይክፈሉት።

ጥያቄ፦ እንግዳ እስኪመጣ ይለሰልሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሶፍት ላይ መደርደርና በሳህን መክደን ነው የሚያለሰልሰው፤ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ቅርፊቱን መልሶ ያረጥበዋል። በፍርግርግ ላይ፣ ሳይከደን፣ 95 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ40 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ኦቨን ከሌለ ቀድመው 10 ደቂቃ ጠብሰው ያውጡት፣ እንግዳው ሲቀመጥ 170 ላይ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይመልሱት፤ በመሃሉ ግን ከ1 ሰዓት በላይ አያቆዩት። ሁለተኛው ጥብስ እንዲያውም ከመጀመሪያው ይበልጥ ኮሽ ያደርገዋል። ለማግስቱ የተረፈውን በኦቨን ወይም በኤር ፍራየር 180 ላይ 10 ደቂቃ፤ ማይክሮዌቭ ቅርፊቱን ላስቲክ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ በጤፍ ዱቄትስ?

መልስ፦ ይሆናል፣ ግማሽ ጤፍ ግማሽ ስታርች። ቀለሙ ከመነሻው ጠቆር ስለሚል ግን በዓይን አይፍረዱ፤ ሰዓቱን ይከተሉ።